የቪኤችኤስ የሰርግ ካሴት፦ ወደ ምን ማስገልበጥ ያዋጣል? እንዴትስ ይገለበጣል?

ቢፌ ውስጥ ወይም ሻንጣ ግርጌ የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ያስቀመጠ ቤተሰብ ዛሬ ሊያስገለብጥ ሲወጣ የሚቀርብለት አማራጭ ብዙ ነው። አንዱ ወደ ዲቪዲ፣ ሌላው ወደ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ወደ 4ኬ እናሳድገዋለን» ብሎ ከበድ ያለ ዋጋ ይጠራል። መልሱን ከወዲሁ እናስቀምጠው። ካሴቱን ጥራቱ ሳይነካ ወደ ኮምፒውተር ፋይል መገልበጥ ያዋጣል፣ ለነገ የሚባልም አይደለም። ለዲቪዲ አዲስ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ቪኤችኤስን ወደ 4ኬ ለማሳደግ የሚከፈለው ግን በከንቱ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

4ኬ የማይጠቅምበት ምክንያት

ቪኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ ቴክኖሎጂ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት፣ ፓል የተባለው የቲቪ ሥርዓት ምስል ከላይ እስከ ታች 576 መስመር አለው። ወደ ጎን ግን ክሩ ላይ የሚቀረጸው ዝርዝር 240 መስመር ያህል ብቻ ነው። የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ስለሆነ ካሴቱ ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ ቦታም ይተርፈዋል። 4ኬ 3840 በ2160 ነው። ያን ሁሉ ቦታ የሚሞላ ዝርዝር ካሴቱ ውስጥ የለም። ብሉ ሬይና 4ኬ ጥቅማቸው የሚታየው ከመነሻው በሲኒማ ፊልም ወይም በኤችዲ ካሜራ በተቀረጸ ሥራ ላይ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት «የሚያጠሩ» ፕሮግራሞች የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። ካሜራው ፊት ለፊት የቆመች ሙሽራ ምናልባት ታምርላቸው ይሆናል። ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት የአያት ፊት ግን ስክሪኑ ላይ የጣት ጥፍር አያክልም። ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ከራሱ ዓይንና አፍንጫ ሲያበጅ የሌላ ሰው ፊት ይወጣል። የቀሚሱ ጥበብም የተሸመነበት መስቀል ጠፍቶ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። የሞቱ ዘመዶችን መልክ ለማቆየት የሚገለበጥ ካሴት ላይ ይህን መፍቀድ ትልቅ ጥፋት ነው። መሞከር ካማራችሁ በኮፒው ላይ ሞክሩ፣ ዋናው ፋይል አይነካ።

መቸኮል የሚያስፈልገው ስለ ካሴቱ ብቻ ብለን አይደለም። የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። አሁን በእጅ ያለው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፣ የውስጥ ላስቲኮቹም በየዓመቱ እየደረቁ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ካሴት ፈልጉ

ለሙሽራው ቤት፣ ለሙሽሪት ቤትና ለሚዜዎች የተሰጡት ካሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ኮፒ ናቸው። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙ ይፈዛል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዘመድ ጠይቁ፤ ከሁሉ የቀደመው ኮፒ ማን ጋ ነው? የካሜራው ካሴት ራሱ ከተገኘ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቅር። ትንሹ ቪኤችኤስ-ሲ በአስማሚ ሳጥን ተደርጎ ተራ ዴክ ውስጥ ይገባል። ቪዲዮ 8 እና ሃይ 8 የራሳቸውን ካሜራ ይፈልጋሉ። ሚኒ ዲቪ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፦ ዲጂታል ስለሆነ ከካሜራው በፋየርዋየር ኬብል እንዳለ ይወርዳል፣ ለ1 ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፣ ከዚህ በታች ያለው ጣጣም አይመለከተውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ካሴቱ የት አገር ተቀረጸ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ዱባይ ፓል ናቸው፤ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የተባለ ሌላ ሥርዓት ነው የምትጠቀመው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተላከ ካሴት ተራ የአሜሪካ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይገላበጣል ወይም ቀለም አልባ ይሆናል። ብዙ ሰው ያኔ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፣ ካሴቱ ግን ደህና ነው። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ጀርባው ላይ ፓልም ኤንቲኤስሲም ተብሎ ይጻፍበታል። የአሜሪካ ዴክ በ120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው በ220 ቮልት ስለሚሠሩ ያንንም እዚያው አንብቡ። ካሴት በአውሮፕላን ስትወስዱ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የኤክስሬይ ፍተሻው ክሩን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የሻንጣ ውርወራ ነው።

ካሴቱንና ዴኩን ማዘጋጀት

ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር እዩ። ጥቁርና ለስላሳ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም ነጭ ክብ ከታየ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ አታስገቡት። ሻጋታው የዴኩን ሄድ (ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል) ይደፍናል፣ ቀጥሎ ለሚገባው ካሴትም ይተርፋል፣ ብናኙም ለሳንባ መጥፎ ነው። እንዲህ ያለውን ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ክሩን ለሚያጸዳ ባለሙያ ስጡት።

ጤነኛ ከሆነ ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ። ይህች ከሌለች ዴኩ በስህተት ከላዩ ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስኬዱና መልሱት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ይህ ያላቅቀዋል፣ ውጥረቱንም ያስተካክላል።

ዴኩን በማያሳዝን ካሴት ፈትኑት። ምስሉ በረዶ የሚመስል ነጠብጣብ ከሞላው ሄዱ ቆሽሿል። የዴኩን ሶኬት ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም ቀጭን የቆዳ መጥረጊያ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡ። የሚያብረቀርቀው ከበሮ ላይ ሳትጫኑ አስደግፉና ከበሮውን በሌላ እጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። እጃችሁ ባለበት ይቆይ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከጠረጋችሁ ሄዱ ይሰበራል። ለጆሮ የሚሆን ጥጥም አትጠቀሙ፤ የጥጡ ቃጫ ሄዱ ላይ ተሰክቶ ይነቅለዋል። አልኮሉ እስኪደርቅ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ኬብልና መቅጃ

ኤስ-ቪዲዮ መውጫ ያለው ዴክ (አብዛኛውን ጊዜ ኤስ-ቪኤችኤስ የሚባለው) ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ቀለሙና ብርሃኑ በተለያየ ሽቦ ስለሚመጣ ጠርዝ ይጠራል። ካልሆነ ቢጫው ኬብል ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ ይበቃል። የአውሮፓ ዴክ ስካርት ብቻ ከሆነ ያለው፣ አስማሚው ላይ ያለችው ማብሪያ ወደ «አውት» መዞሯን አረጋግጡ። ምስል አልመጣ ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እሷው ናት።

ከዚያ በዩኤስቢ የሚሰካ መቅጃ ያስፈልጋል። እንደ ጂቪ-ዩኤስቢ2 ያለው ለዚህ ሥራ የታመነ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሾቹ ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበትን ነጠላ ምስል) ይጥላሉ፣ ድምፁም ከአፍ ጋር እየተለያየ ይሄዳል። ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩትን ሳጥኖች ደግሞ ለዚህ አትግዙ፤ 4 ለ3 የሆነውን ምስል ወደ ጎን ይለጥጡታል፣ ብዙዎቹም በሴኮንድ 50 የሆነውን ወደ 60 ስለሚለውጡ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል።

የሚዋዥቅ ጠርዝ (የበር መቃን እንደ ማዕበል ሲታጠፍ) የሚመጣው ክሩ ከሚሄድበት ፍጥነት መዛባት ነው። ይህን የሚያስተካክል ቲቢሲ የሚባል ክፍል አንዳንድ ጥሩ ዴኮች ውስጥ አለ። ከሌለ ፓናሶኒክ ኢኤስ10 ወይም ኢኤስ15 የተባለውን አሮጌ ዲቪዲ መቅጃ በዴኩና በኮምፒውተሩ መካከል አስገቡ። ዲስክ አይቀዳበትም፤ ምስሉ በእሱ በኩል ሲያልፍ ብቻ ቀጥ ይላል።

መቅዳት

በዊንዶውስ ላይ ነፃ የሆነው ቨርቹዋልደብ2 ይሻላል። የፓል ካሴት ከሆነ 720 በ576፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፤ የአሜሪካ ከሆነ 720 በ480፣ 29.97 አድርጉ። ቀለሙን ዋይዩዋይ2፣ ማመቂያውን ጥራት የማይነካውን ሀፍዋይዩቪ፣ ድምፁን 48 ኪሎኸርዝ ሳይታመቅ። ድምፁን በራሱ በመቅጃው በኩል አስገቡ፤ በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ከገባ ሰዓታቸው ስለሚለያይ መጨረሻው ላይ ዘፋኙና ዘፈኑ አይገናኙም። ለ1 ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ለ3 ሰዓት ካሴት 120 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑራችሁ።

አሁን ብዙ ገልባጭ የሚዘለው ነገር፦ ነጭ ልብስ። የእኛ ሰርግ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስና ቬሎ የሞላበት ነው። መቅጃው እንደመጣ ከተተወ ነጩ ከመጠን ያልፍና ነጠላው እጥፋቱ የማይለይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ከዚያ በኋላ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። ስለዚህ ካሴቱ ላይ በጣም ደማቁን ቦታ ፈልጉ፣ ለምሳሌ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ፀሐይ ሲወጡ ያለውን። የፕሮግራሙን ሂስቶግራም (የምስሉን ብርሃንና ጥቁረት በማዕበል መልክ የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈቱና በዳርና በዳር ያለውን ቀይ ክልል እዩ። ማዕበሉ በቀኝ በኩል ቀዩን ከነካ፣ የነጠላው ሽንሽን እስኪታይ ኮንትራስቱን ከዚያም ብራይትነሱን ዝቅ አድርጉ። ነጩ ከ235 በላይ፣ ጥቁሩ ከ16 በታች እንዳይሄድ ነው። ምስሉ ትንሽ የፈዘዘ ቢመስል አትጨነቁ፣ ያ በኋላ ይስተካከላል።

5 ደቂቃ ሞክራችሁ አዳምጡ። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ የዴኩን ትራኪንግ (ሄዱ ክሩን በትክክል እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ) አስተካክሉ፤ እምቢ ካለ በዴኩ ሜኑ ከሃይፋይ ወደ ኖርማል ድምፅ ቀይሩ። ከዚያ ኤፍ6 ተጫኑና ካሴቱ እስኪያልቅ አትንኩት። የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። የወደቁ ፍሬሞችን ቁጥር ተከታተሉ፦ በጠቅላላው ጥቂት ቢሆን ችግር የለውም፣ በየደቂቃው ከጨመረ ግን አቁሙና ቲቢሲውን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውንና የሀርድ ዲስኩን ፍጥነት እዩ። ከምስሉ ግርጌ የሚታየው የተበጣጠሰ ቀጭን መስመር ብልሽት አይደለም፣ የቪኤችኤስ ባሕርይ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዴኩን በዩፒኤስ ሰኩ። ላፕቶፑ በባትሪው ቢተርፍም ዴኩ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቆማል። ኦቢኤስ በተባለው ፕሮግራም የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ኤምኬቪ አድርጉት፤ ተራ ኤምፒ4 በመሃል ከተቋረጠ አይከፈትም።

ለቲቪና ለዘመድ የሚሆን ፋይል

ትልቁን ፋይል ለብቻው አኑሩና ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ኮፒ አውጡ። የፓል ቪኤችኤስ ምስል በአንድ ሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል ነው። እስክስታ ሲመታ ትከሻው ማበጠሪያ የመሰለ ጥርስ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ግማሾቹን ወደ ሙሉ ምስል የሚለውጠውን፣ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ቢደብልዩዲፍ፣ ቅንብሩን ቦብ፣ ፍሬም ሬቱን 50 አድርጉ። 25 ካደረጋችሁት ግማሹ እንቅስቃሴ ይጣላል፣ የትከሻው ምት ይቆራረጣል። መጠኑ 768 በ576፣ ዓይነቱ ኤች.264 በሴኮንድ 4 ሜጋቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል፣ አሮጌ ቲቪ ግን አይከፍተውም።

ምስሉን ማሳደግ ቁምነገር የሚኖረው ዩቲዩብ ላይ ለምትጭኑት ብቻ ነው፤ እዚያ 50 ፍሬም የሚገኘው ከ720 ጀምሮ ስለሆነ 1440 በ1080 አድርጋችሁ ጫኑ።

በዚህ ቅንብር 1 ሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ካሴቱን በየክፍሉ ቁረጡት፦ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ መልስ፣ ቅልቅል። እያንዳንዱ ከ1 ሰዓት ካልበለጠ ከቴሌግራም የ2 ጊጋባይት ገደብ በታች ይሆናል፤ ፋት32 የሆነ ፍላሽም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ከዚያም ያመልጣል። ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ አለዚያ ያምቀዋል።

ቀድሞ በዲቪዲ የተገለበጠ ካላችሁ

ዲስኩ 4.7 ጊጋባይት ነው። 1 ሰዓት ብቻ ከተጫነበት ጥራቱ ከቪኤችኤሱ አይተናነስም፣ እንደገና መልፋት አያስፈልግም። 3 ሰዓት ከታጨቀበት ግን በሴኮንድ 3.5 ሜጋቢት እንኳ አይደርሰውም፤ ጭፈራው ላይ ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል። ካሴቱ ካለ እንደገና ገልብጡ። ካሴቱ ከጠፋ ያው ዲስክ ዋናችሁ ነው። በቤት ወይም በሱቅ በተቀዳ ዲስክ ላይ ያለው ቀለም ከጊዜ ጋር ስለሚደበዝዝ ዛሬውኑ ሜክኤምኬቪ በተባለው ፕሮግራም እንዳለ፣ ዳግመኛ ሳታምቁ፣ ወደ ሀርድ ዲስክ አውርዱት። አንዱ ኮፒ እዚያው ቤት፣ ሌላው ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

ካሴቱን ከገለበጣችሁ በኋላም አትጣሉት። እስከ መጀመሪያው መልሱት፣ ወደ ማቀፊያው አስገቡና እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከኩሽናና ከፀሐይ ራቅ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ አኑሩት።