ያለ ምስማር የሚቆም ቤት፦ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ወፋፍራም እንጨት በወንዴና ሴቴ (ቀጥኖ በተቀረጸ ጫፍና እሱ በሚገባበት ጉድጓድ) አጋጥሞ፣ በእንጨት ችንካር አስሮ የቤት አጽም ማቆም በአውሮፓ የብዙ መቶ ዓመታት ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊረሳ ደርሶ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። ዛሬ ለጀማሪዎች የሳምንት ያህል የተግባር ስልጠና ይሰጣል። ተማሪዎቹ ተባብረው የአንዲት ትንሽ ቤት እንጨት ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻም ያቆሟታል። ውጭ አገር ሆናችሁ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ የሚከብዳችሁ መጋዙ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እርሳስ ተይዞ ነው።

እንጨቱ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ማመን

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። 20 በ20 ተብሎ የመጣ እንጨት አንዱ ጫፉ 19.6፣ ሌላው 20.3 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ይጎብጣል፣ ትንሽም ይጠማዘዛል። ጀማሪው ሜትሩን አንዴ ከዚህ ጠርዝ፣ አንዴ ከወዲያኛው ይዘረጋል። ልኩ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል፤ ሲገጣጠም ግን ቤቱ ይጣመማል።

ጎን ለጎን ካሉት ገጾች ቀጥ ያሉትን ሁለቱን ምረጡና ምልክት አድርጉባቸው። ስኳድራውም ሜትሩም ከእነሱ ብቻ ይነሳ። ከዚያ እንጨቱ ውስጥ እንከን የሌለው 19 በ19 እንጨት ተደብቋል ብላችሁ አስቡ። መጋጠሚያው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ትርፉን እየጠረባችሁ ወደ እሱ ትወርዳላችሁ። የቀረው ቦታ እንደፈለገ ይሁን። አግዳሚ ከሆነ ደግሞ የጎበጠው ጎኑ ወደ ላይ ይዙር፤ ጭነት ሲያርፍበት ቀና ይላል።

መስመሩን በመጋዝ መብላት

መጋዝ የራሱ ውፍረት አለው። መስመሩ ላይ ካስኬዳችሁት ወንዴው ይሳሳና ሴቴው ውስጥ ይንገዳገዳል። ከሚጣለው ወገን ቁረጡ፣ መስመሩ ይትረፍ። የሚጣለውን ክፍል አስቀድማችሁ በ"ኤክስ" ምልክት አድርጉበት። ከሰዓት በኋላ ድካም ሲመጣ የሚፈለገውን ቆርጦ የሚጥል ሰው አይጠፋም።

በደነዘ መሮ መታገል

የደነዘ መሮ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል የበዛበት መሮ ደግሞ ያመልጣል። ቶሎ ቶሎ ሳሉት። ሌላኛው እጃችሁ ከስለቱ ፊት አይሁን።

እርጥብ እንጨት እንደሚኮማተር መርሳት

በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእርጥብ እንጨት ነው፤ ለመቁረጥ ይቀላል፣ ይህን ያህል ወፍራም ደረቅ እንጨት ማግኘትም ከባድ ነው። ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ ልዩነት ካልገባችሁ ዛሬ ልክክ ያለው መጋጠሚያ ከጊዜ በኋላ አፉን ይከፍታል። ምክንያቱም ቋሚው ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ውስጡ ያለው ሴቴም ጥልቀቱ ይቀንሳል። ወንዴው ግን ርዝመቱ እንዳለ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ጋ ይደርስና አግዳሚውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሴቴውን ከወንዴው ርዝመት ቢያንስ በግማሽ ሳንቲም አስበልጣችሁ ቆፍሩት።

ስንጥቅ ሲታይ የሚደናገጡም አሉ። ወፍራም እንጨት ሲደርቅ ቁመቱን ተከትሎ መሰንጠቁ የተለመደ ነው።

የችንካሩን ቀዳዳ አንድ ላይ መብሳት

ጀማሪ ወንዴውን ሴቴው ውስጥ ይከትና ሁለቱን ባንድ ላይ በድሪል ይበሳል። ይይዛል፣ ግን አይስብም። የሴቴውን ቀዳዳ ለብቻ ብሱ። ወንዴውን ከትታችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ አውጡት፣ ከዚያ የእሱን ቀዳዳ ወደ ትከሻው (ወንዴው ከወፍራሙ እንጨት ወደሚነሳበት እርከን) በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር አስጠግታችሁ ብሱ። ደረቅ ችንካር ሲመታበት መጋጠሚያውን ስቦ ግጥም ያደርገዋል። ወደ ተቃራኒው ካራቃችሁት ግን ችንካሩ ራሱ መጋጠሚያውን ይገፋል። ይህን ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ሲሠራ ግን አቅጣጫው ይምታታበታል። አጉል ካበዛችሁትም ችንካሩ ይሰበራል።

ከጭቃ ቤት ልምድ ጋር መምጣት

አገር ቤት ባሕር ዛፍ ተክሎ ማገር የመታ ሰው መጋጠሚያ ሲላላበት እጁ ወደ ምስማር ይሄዳል። ከዚያ የሚብሰው ግን ሰያፍ ድጋፉን እንደ ጌጥ ማየቱ ነው። የጭቃ ቤት ቋሚ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ጉድጓዱ ራሱ ያቆመዋል፤ ማገሩና ጭቃውም ያግዙታል። በአንጻሩ መሬት ውስጥ ያለው ክፍል ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል። ይህኛው ቤት ግን ከመሬት በላይ፣ መሠረት ላይ ያርፋል። ንፋስ ሲገፋው የሚይዘው በቋሚና በአግዳሚ መካከል ያለው ሰያፍ ነው። እሱ ከላላ ቤቱ ይወዛወዛል።

በነገራችን ላይ፣ እንጨት ከእንጨት አያይዞ መሥራት ለእኛም ባዕድ አይደለም። ደብረ ዳሞ ላይ በድንጋዩ ግንብ መሃል የተጋደሙትን እንጨቶች የሚይዙት ተሻጋሪ እንጨቶች ናቸው፤ ወደ ውጭ ብቅ ያለው ጫፋቸው የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤል ያንኑ የግንብና የእንጨት ድርድር ከአለት ተፈልፍሎ ይታይበታል።

የማቆሚያውን ቀን በሆይ ሆይታ መጀመር

እያንዳንዱ መጋጠሚያ ቁጥር ይኑረው፤ ከማቆም በፊትም መሬት ላይ አንዴ ገጣጥማችሁ እዩት። ሽቅብ ወጥቶ የማይገባ ወንዴ መጥረብ መከራ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እየተነሳ ካለ እንጨት ስር ማንም አይቁም፣ ፎቶ አንሺም ቢሆን።