ማርሻል አርትን ለዓመታት ሳያቋርጡ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ክለብ ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አንድ አዲስ ሰልጣኝ ይመጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፤ ላቡ ወለሉን ያርሰዋል። በሦስተኛው ወር ጉልበቱን አስሮ ያነክሳል። በአምስተኛው ወር የለም።

እኔም አንድ ሰሞን ያ ሰው ነበርኩ። የተመለስኩት ወኔዬ ተነሳስቶ እንዳይመስላችሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ደውሎ «የምሠራው ሰው አጣሁ እኮ፤ የት ነው የጠፋኸው?» ስላለኝ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ቡጢና እርግጫ አልጽፍም። እሱን አሰልጣኛችሁ ያሳያችኋል። የምጽፈው ስለ መቆየት ነው።

1. ከመመዝገባችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እዩ

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሜዳሊያ ተዉት። ነባሩ አዲሱን እንዴት እንደሚይዘው ተመልከቱ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰልጣኞች አሉ? አምስት ዓመት የቆየ ሰው አለ? ሁሉም አዲስ ከሆነ፣ ነባሮቹ የት እንደሄዱ ጠይቁ። ካራቴ ይሁን ቴኳንዶ፣ ጁዶ ይሁን ቦክስ፣ ያ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

2. መውደቅን ቀድማችሁ ተማሩ

ጁዶ ውስጥ ከመጣል በፊት መውደቅ ይቀድማል። አገጭ ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ጭንቅላት ወለል አይነካም። ክንድ ምንጣፉን በመዳፉ ይመታል፤ ትንፋሽ ይወጣል። እጅን ዘርግቶ መሬት ለመደገፍ መሞከር ግን የእጅ አንጓና የትከሻ ጠላት ነው። የምትሠሩት ስፖርት መጣል ባይኖረውም ተማሩት። በእርጅና ጊዜ ከእርግጫችሁ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

3. በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል

ትንፋሽና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ጉዳት የሚመጣው በዚህ መሃል ነው። ጉልበት ይሰማችኋል፤ ጅማታችሁ ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በልክ ያዙት። ከልምምድ ስትወጡ «ትንሽ ቢጨመር እችል ነበር» የምትሉበት መጠን ጥሩ ነው። በየአራት ወይም አምስት ሳምንቱ ደግሞ አንዱን ሳምንት በግማሽ ቀንሱት። ስንፍና አይደለም።

4. የልምምድ ጓደኛችሁን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ቶኪዮ ውስጥ ሲከፍት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ ጁዶን በሁለት መርሆች ጠቀለለው። አንዱ ራስም ሌላውም አብረው ይጠቀሙ የሚል ነው። ለጆሮ ስብከት ይመስላል። ነገሩ ግን ተራ ሂሳብ ነው። ዛሬ የጓደኛችሁን ክርን ብትሰብሩ ነገ ከማን ጋር ትሠራላችሁ?

ስፓሪንግ፣ ማለትም ከጓደኛ ጋር የሚደረግ የፍልሚያ ልምምድ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ልኩን በቃል ተስማሙ። «ቀለል አድርገን፣ ጭንቅላት ሳንነካ» ብሎ መናገር አያሳፍርም። ከባዱና ልምድ ያለው ነው ልኩን የሚያስተካክለው፤ ቀላሉ አይደለም። ክንድ ስትጠመዝዙ ወይም አንገት ስታንቁ ቀስ በሉ፤ ጓደኛችሁ በእጁ መታ መታ እንዳደረገ ወዲያው ልቀቁ። እናንተም ሳይዘገይ «በቃኝ» በሉ። እልህ ተጋብቶ የዘገየ ሰው ወራት ቤቱ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ግራ የተጋባ ሰው የዚያን ቀን ልምምድ አበቃለት። «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት። ሐኪም ይየው።

ሌላው ንጽህና ነው። ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ልብሳችሁን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ እጠቡ። የቆዳ ፈንገስ ከአንድ ሰው ተነስቶ ክለቡን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። የፈለገ ጎበዝ ብትሆኑ፣ ከምትሸቱ ከእናንተ ጋር መሥራት የሚፈልግ የለም።

5. ከክለብ ውጭ ያለውን ሥራ አታብዙት

ሁለት ቀን ዘና ያለ ሩጫ፣ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት። ሁለት ቀን ደግሞ የጉልበት ሥራ፦ ስኳት፣ ፑሻፕ፣ ተንጠልጥሎ መሳብ፣ ከባድ ነገር ይዞ መራመድ። ትግል ነክ ነገር የምትሠሩ ከሆነ አንገትን አትርሱ። ትንፋሽን የሚፈትነውን፣ ለምሳሌ ሦስት ደቂቃ ሥራ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ በሳምንት አንዴ አድርጉት። ጊዜ ካጠራችሁ ሩጫውን ቀንሱ፤ እንቅልፉን አይደለም። ከሰባት ሰዓት በታች እየተኙ ጠንካራ ልምምድ ማለት ባልዲው ተቀዶ ውኃ መቅዳት ነው።

ግንብ እየመቱ ጉልምት ማጠንከርን በተመለከተ ይቅርባችሁ። ጣት ለሌላም ነገር ያስፈልጋል።

6. ቀበቶን አታሳድዱ

የጥቁር ቀበቶ የመጀመሪያው ማዕረግ በጃፓንኛ «ሾዳን» ይባላል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። መጨረሻ አይደለም። ጃፓናዊቷ ኬይኮ ፉኩዳ ጁዶን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ሴት በመሆናቸው ለረጅም ዓመታት ከአምስተኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) እንዳያልፉ ተደርገው ነበር። የአሜሪካ ጁዶ ማኅበር አስረኛ ዳን ሲሰጣቸው ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2011፣ ዕድሜያቸውም 98 ነበር። እስከዚያ ድረስ ሲያስተምሩ ኖሩ። ዕድሜ ሲገፋ ስፓሪንግ ይቀንሳል፤ ስልትና ማስተማር ይጨምራል።

7. ስትጎዱም ክለብ ሂዱ

በነጋታው የሚመጣና በሁለት ሦስት ቀን የሚጠፋ የጡንቻ ሕመም ጤነኛ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ሲወጋችሁ ወይም ሲያብጥ ግን አቁሙ። ማቆም ማለት ግን ቤት መቅረት አይደለም። ፓድ (ቡጢና እርግጫ የሚያርፍበትን ትራስ) ያዙ፣ ሰዓት ቁጠሩ፣ አዲሱን ልጅ አቋቋሙን አስተካክሉለት። በአብዛኛው ሰው የሚጠፋው በጉዳቱ ሳይሆን ከጉዳቱ በኋላ ለመመለስ ስለሚያፍር ነው።

ለዚህም ከሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ስልክ ተለዋወጡ። ሁለት ልምምድ በተከታታይ የቀረ ይደወልለት። ሰበብ አትጠይቁት፤ አትቆጡትም። «ነገ የምሠራው ሰው የለኝም፣ ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ይበቃል።