በሕፃናት ክፍል የመጀመሪያዎቹን የሌሊት ተረኝነቶች እንዴት መወጣት ይቻላል

በመጀመሪያው የሌሊት ተረኝነቴ አንዲት እናት ልጇን ልትቀሰቅስ ስትል ከለከልኳት። «ተይው፣ ገና አሁን መተኛቱ ነው» አልኳት። ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት የተኛ ነበር። የ8 ሰዓት ወተቱ ደርሷል። እናትየው ግን አልተወችኝም። «ሲስተር፣ ዓይኑ እኮ አልተከደነም» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ባትሪ አበራሁ። እውነትም ዓይኑ ገርበብ ብሎ ነጩ ይታያል። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። የደሙን ስኳር ስለካው ወርዷል። ያን ሌሊት ልጁን ያተረፈችው እናቱ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ የእናትን ቃል አልፌ አላውቅም፤ እናንተም እንዳታልፉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመግባታችሁ በፊት

ቀን ተኙ፣ የሌሊት ምግብ ቋጥሩ። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ትንሽ ደብተርና ባትሪ ያዙ።

ርክክብ

ጠረጴዛ ላይ ቻርት እያገላበጡ መረካከብ አይበቃም። ከቀን ነርሷ ጋር አልጋ ለአልጋ ዙሩ። ክብደቱ ስንት ነው? ለምን ተኛ? ሌሊት በስንት ሰዓት ምን ይሰጠዋል? በመጨረሻም «አንቺን በጣም የሚያሰጋሽ የትኛው ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቻርት ላይ የማይጻፈው ነገር የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው።

ወዲያው ኦክስጅኑን እዩ። ሲሊንደሩ ምን ያህል ቀርቶታል? መክፈቻ ቁልፉስ የት ነው? መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን) ይቆማል። ያኔ ቁልፍ ፍለጋ መሯሯጥ ልጁን ይጎዳዋል። አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) እና በየመጠኑ ያሉት ማስኮች መኖራቸውንም በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ትንፋሽ ቁጠሩ

ከሁሉም ሥራ ይህን አስበልጣለሁ። ልጁ ሳይነቃ፣ ሳያለቅስ ጋቢውን ቀስ ብላችሁ ግለጡ። መብራቱን ዓይኑ ላይ አታብሩ። ደረቱንና ሆዱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ሕፃናት ላይ ያሳስታል፤ ትንፋሻቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ወይም የሚያቃስት ከሆነ ቁጥሩን ሳትጨርሱም እርዳታ ጥሩ። በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ይፈልጋል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ትንፋሹ ሲፈጥን ያመሸ ልጅ ድንገት ዝም ካለ ተሻለው ብላችሁ አትለፉ። ደክሞትም ሊሆን ይችላል። ቀስቅሱት፣ እዩት።

መድኃኒት

የልጅ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው። አንድ ነጥብ ቦታውን ከሳተ አሥር እጥፍ ይሆናል። 4 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ጄንታሚሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ቢታዘዝ 30 ሚሊግራም ነው። 2 ሚሊ ሊትሩ 80 ሚሊግራም ከያዘ አምፑል 0.75 ሚሊ ሊትር ብቻ ትቀዳላችሁ። ለአንድ ትንሽ ልጅ ሁለትና ሦስት አምፑል መስበር ካስፈለጋችሁ ቁሙ፤ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ሌላ ነርስ ለብቻዋ እንድታሰላው አድርጉ፣ መልሱን አስቀድማችሁ አትንገሯት።

ግሉኮስ የተሰካላቸውን ልጆች በየሰዓቱ ካኑላቸው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ያለበትን ቦታ ዳብሱ። ካበጠ ወዲያው አቁሙ። በቡሬት (ፈሳሹን በትንሽ በትንሹ በሚለካው ዕቃ) ከሆነ 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ በደቂቃ የምትቆጥሩት ጠብታ በሰዓት ከሚገባው ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው።

ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት

ዓይን የሚከብደው፣ ክፍሉም ጭር የሚለው ያን ጊዜ ነው። አትቀመጡ። በምግብ እጥረት የተኙት ልጆች ኤፍ-75 የተባለውን የሕክምና ወተት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ በታዘዘው መሠረት ሌሊትም ይወስዳሉ። ተኝቷል ተብሎ አይዘለልም። ልጅ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ መተኛቱ የደም ስኳሩ መውረዱን ሊያሳይ ይችላል። የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ 50 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃ ይሰጠዋል፤ ሙልት ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በዚያ ውሃ ውስጥ ማለት ነው። ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው በአፉ ምንም አትስጡ። ሐኪም ጥሩ፤ ግሉኮሱ በደም ሥር ይገባል። ብርድ ደግሞ ከስኳር መውረድ ጋር አብሮ ይመጣል። እናትየው ደረቷ ላይ አስጠግታ በጋቢዋ ትሸፍነው፣ ጭንቅላቱንም ኮፍያ ታልብሰው።

ስትዞሩ እናቶቹን «እንዴት አመሸ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ጠባ ወይ? ሸና ወይ? ከቅድሙ ምን ተለየብሽ?» በሏቸው። ብዙዎቹ ነርስ ላለማስቸገር ብለው ዝም ይላሉ። ገና ሲመሽ «ስተኛም ቢሆን፣ ስበላም ቢሆን ጥሪኝ» በሏቸው።

ሐኪም መጥራት

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ተረኛውን ሐኪም ወዲያው ጥሩ። «ትንሽ ደከም ብሏል» አትበሉ። ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ ትንፋሹን፣ ኦክስጅኑንና ምን እንደተለወጠ ንገሩት። ቢቆጣችሁም ጥሩት። ካልመጣ ደግማችሁ ጥሩት፣ የጠራችሁበትን ሰዓትም ጻፉ።

ጠዋት

የሰጣችሁትን ሁሉ በሰጣችሁበት ሰዓት ጻፉ፤ ጠዋት ላይ ከትዝታ አትሙሉ። የቀን ነርሷን ይዛችሁ መጀመሪያ የሚያሰጋችሁ ልጅ አልጋ ጋ ሂዱ፣ እናቱም እየሰማች አስረክቡ። ከዚያ ቤታችሁ ግቡ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ ስልካችሁን አጥፉና ተኙ።