የመጀመሪያ ጠመንጃችሁን በትዕዛዝ ስታሰሩ፦ ዋይልድካት ጥይት እንዴት ይመረጣል?

ጅማ ውስጥ በቶርኖ ስራ ነው የምተዳደረው። ጠመንጃ አልሰራም። በአገራችን ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማምረትም ሆነ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ ክልከላውንም ከልቤ እደግፋለሁ። ግን ውጭ የሚኖሩ የሰፈራችን ልጆች አሉ። ኮሎራዶና ሞንታና ሆነው፣ ፈቃድ አውጥተው አጋዘን ያድናሉ። አገር ቤት ሲመጡ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ እንገናኛለን። የብረት ልኬት ስራዬ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ጠመንጃ በትዕዛዝ ላሰራ ነው። የትኛው ዋይልድካት ይሻለኛል?»

መልሴን እዚህ ላስቀምጠው። የምለው ሁሉ ህጉ በሚፈቅድበት አገር፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ ለሚሰራ የአደን ጠመንጃ ነው።

ዋይልድካት የሚባለው ፋብሪካ በብዛት የማያመርተው፣ መጠኑም በጥይት ደረጃ አውጪዎቹ፣ በአሜሪካው ሳሚ ወይም በአውሮፓው ሲ.አይ.ፒ.፣ ያልጸደቀ ጥይት ነው። አንድ ሰው የታወቀ ጥይት ቀለሃ ይወስዳል። አረሩን የሚይዘውን አንገቱን ያጠብባል ወይም ያሰፋል። አንዳንዴ ከአንገቱ ስር ያለውን ትከሻውን ወደፊት ይገፋል፣ ገላውን ያቀናል። ለዚያ ቀለሃ ልክ የሆነ ቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል፣ መቆረጥ አለበት። ጥይቱን ሱቅ ገብታችሁ አትገዙም። ቀለሃውን፣ ባሩዱን፣ አረሩንና ፕራይመሩን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ለየብቻ ገዝታችሁ ራሳችሁ ትሞላላችሁ። ስለዚህ ጥይት ሞልቶ የማያውቅ ሰው ለጊዜው ይቆይ። በተለመደ ጥይት እጁን ያፍታታ፣ ከዚያ ይምጣ።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። «ይሄኛው በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር ይሄዳል» ይላል፣ ልቡም እዚያ ይቀራል። እኔ ከቀለሃው ጀምሩ እላለሁ። ጅማ ላይ የማሽን መለዋወጫ ሲጠፋ ስንት ቀን ስራ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳኛል። ማሽኑ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የሚበላው ዕቃ ገበያ ላይ ከሌለ ቆሞ ይውላል። ጠመንጃም እንደዚያው ነው።

1. ምን፣ የት፣ በምን ያህል ርቀት?

ይህ አጭር ነው፤ ግን ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ግምት ይሆናል። ጅማ አጠገብ ያለውን «በለጠ ጌራ» የተባለውን ደን የሚያውቅ ሰው ያስበው። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከርከሮ ከፊትህ ቢያልፍ እንኳ የምታየው ለአፍታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያድን ሰው ከ100 ሜትር በላይ ብዙም አያስብም። ለእሱ ከባድና ወፈር ያለ አረር ይበቃዋል። የሞንታና ሜዳ ደግሞ 300 ሜትር እና ከዚያም በላይ ወለል አድርጎ ያሳያል። እዚያ ነፋስ የማይገፋው ረጅምና ቀጭን አረር ዋጋ አለው።

እንግዲህ አረሩን ቀድማችሁ ምረጡ። ዲያሜትሩን፣ ክብደቱን፣ ዓይነቱን ጻፉ። ጥይት የሚመረጠው ያንን አረር እንዲያደርስ ነው።

2. ወላጁን ምረጡ

የእኔ ትኩረት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዋይልድካት ወላጅ አለው፤ ቅርጹ የተወሰደበት መደበኛ ቀለሃ። ወላጁ በየሱቁ የሚገኝ፣ ብዙ ፋብሪካ የሚያመርተው መሆን አለበት።

በአሜሪካ ብዙ ልጆች ያፈራው ወላጅ .30-06 ስፕሪንግፊልድ ነው፤ የ1906 እ.ኤ.አ. ጥይት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእኛ አባቶችም ያውቁታል፤ «ኤም ዋን» የምንለው የአሜሪካ ጠመንጃ የሚተኩሰው እሱን ነው። የሚገርመው፣ «ቤልጅግ» ከምንለው ማውዘር ጥይት ከ7.92×57 ጋርም ዘመድ ነው። የሁለቱም መቀመጫ (የቀለሃው የኋላ ጫፍ) ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካኖች የያኔውን ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ሲሰሩ ከማውዘር ብዙ ወስደዋል፤ ለባለመብቱም ከፍለዋል። የ.308 ዊንቸስተር መቀመጫም ያው 12 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ቁጥር ኪስ ይነካል። ቦልቱ፣ ማለትም ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ የቀለሃውን መቀመጫ የሚይዝበት ቦታ ለአንድ ስፋት የተቆረጠ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ቦልት ካላችሁ .30-06ን፣ .308ን፣ 7×57ን እና ልጆቻቸውን ሁሉ ይይዛል። የ.223 ቤተሰብ መቀመጫ 9.6፣ የብዙዎቹ ማግነም ደግሞ 13.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያላችሁን ቦልት ትቶ ሌላ ወላጅ መምረጥ ተጨማሪ ወጪ ያመጣል። ለመጀመሪያ ስራ አልመክረውም።

ርዝመቱንም እዩ። የ.308 ቤተሰብ አጭር አክሽን (ቦልቱ የሚመላለስበት የጠመንጃው አካል) ውስጥ ይገባል፤ ሙሉ ጥይቱ 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ.30-06 ቤተሰብ 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ረጅሙን ይፈልጋል። ረጅም አረር መርጣችሁ አጭር አክሽን ከያዛችሁ፣ አረሩ ወደ ቀለሃው ሆድ ጠልቆ ይገባና የባሩዱን ቦታ ይሻማል።

ከእነዚህ ወላጆች የወጡት ልጆች ዛሬ ሱቅ ሞልተዋል። .25-06 ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዋይልድካት ሆኖ ቆይቶ በ1969 ሬሚንግተን ወደ ፋብሪካ አስገባው። .22-250ም፣ ወላጁ .250 ሳቬጅ ቢሆንም፣ በ1965 ያው ሆነ። .257 ሮበርትስ ከ7×57 ማውዘር ተወልዶ በ1934 መደበኛ ሆነ። ለአዳኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዋይልድካት ብዙ ተከታይ ካፈራ ዳዩም (ቀለሃውን የሚቀርጸው መሳሪያ)፣ ቀለሃውም፣ የሙሌት መረጃውም አብሮ ይበዛል።

3. አንድ ለውጥ ብቻ

ለመጀመሪያ ጠመንጃ ከወላጁ አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ ጥይት ምረጡ። አንገቱን ብቻ የለወጠ ወይም ገላውን ብቻ ያቀና። ሁለቱንም የለወጠ፣ በዚያ ላይም ያጠረ ቀለሃ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አንገት ማጥበብ ቀላል ይመስላል። .30-06ን ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ስታወርዱት 6.5-06 ይሆናል፤ ጥሩ ጥይት ነው። ግን ብረቱ የትም አይሄድም። አንገቱ ሲጠብ ግድግዳው ይወፍራል። ወፍራም አንገት በጠባብ ቻምበር ውስጥ አረሩን አንቆ ይይዛል፤ ግፊትም አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ የተሞላውን ጥይት አንገት በማይክሮሜትር ለኩ፤ ከቻምበሩ አንገት ጋር አስተያዩ። ክፍተት ከሌለ አንገቱ መላጥ አለበት። ይህን ልኬት የሚዘል ሰው ጥይት ባይሞላ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው መንገድ የአክሊ ነው። ፒ.ኦ. አክሊ ከ1903 እስከ 1989 የኖረ አሜሪካዊ ጠመንጃ ሰሪ ነበር። ዘዴው ግልጽ ነው፦ አንገቱን ሳይነካ ገላውን ያቀናል፣ ትከሻውን ወደ 40 ዲግሪ ያቆማል። ለጀማሪ የሚወደደው ለዚህ ነው፦ ቻምበሩ በትክክል ከተቆረጠ የፋብሪካውን መደበኛ ጥይት በውስጡ መተኮስ ይቻላል። በ.30-06 አክሊ ውስጥ ተራ .30-06 ይተኮሳል። ሲተኮስ ቀለሃው ይነፋና አዲሱን ቅርጽ ይይዛል። መንገድ ላይ የሞላችሁት ጥይት ቢያልቅባችሁ ካገኛችሁት ሱቅ ገዝታችሁ አደናችሁን ትቀጥላላችሁ። ግልባጩ ግን አይሆንም፤ የአክሊው ቅርጽ በተራው ቻምበር ውስጥ አይገባም።

«በትክክል ከተቆረጠ» ያልኩትን አትለፉት። ቀለሃው ቻምበሩ ውስጥ ሲቀመጥ ወደፊት ሊሄድ የሚችልበት ትርፍ ቦታ ካለ፣ ሲተኮስ ከመቀመጫው በላይ ተዘርግቶ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ የአክሊ ቻምበር ከመደበኛው ትንሽ አጠር ተደርጎ ይቆረጣል፤ በባህላዊው ልኬት የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያህል። ለምሳሌ .280 አክሊ በ2007 በሳሚ ሲጸድቅ ልኬቱ ከባህላዊው ተለይቶ ነበር፤ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ ነው። በቶርኖ ቋንቋ ይህ ትልቅ ርቀት ነው። የትኛውን እንደሚቆርጥላችሁ ሰሪውን በጽሁፍ ጠይቁት፤ ዳያችሁም ያንኑ ልኬት ይሁን።

4. ገንዘብ ሳትከፍሉ ስልክ ደውሉ

ሪመሩ፣ ማለትም ቻምበሩን የሚቆርጠው መሳሪያ፣ ሰሪው ጋ አለ ወይስ ይታዘዛል? መለኪያው አብሮት አለ? ዳዩ ከመደርደሪያ ይገኛል ወይስ በልዩ ትዕዛዝ ነው? በልዩ ትዕዛዝ ከሆነ ዋጋውም ጥበቃውም ይጨምራል። ወላጅ ቀለሃው በዚህ ሳምንት ገበያ ላይ አለ?

ከሁሉም በላይ የሙሌት መረጃ ጠይቁ። የታተመና የተፈተነ መረጃ የሌለው ዋይልድካት ለመጀመሪያ ጠመንጃ አይሆንም። የወላጁን የባሩድ መጠን ወስዶ ለልጁ መጠቀምም አይቻልም። አንገት ሲጠብ ግፊቱ ይለወጣል፤ ያንኑ ባሩድ ቀጭን ጉሮሮ ውስጥ እየገፋችሁ ነው።

5. ትርፉን አስሉ

ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የሚያውቁት ግምታዊ ሂሳብ አለ። የቀለሃው ሆድ በ4 በመቶ ሲሰፋ፣ ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው በ1 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ 8 በመቶ የሰፋ ቀለሃ የሚሰጣችሁ 2 በመቶ ነው። አጋዘኑ ይህን ልዩነት አያውቀውም። ከዚህ በላይ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ፣ ፍጥነቱ የመጣው ከቀለሃው ቅርጽ ሳይሆን ከበዛ ግፊት መሆኑን ጠርጥሩ።

በሌላ በኩል ትልቅ ሆድ በጣም በጠበበ አንገት ላይ ሲገጠም የጋለው ጋዝ ከቻምበሩ ፊት ያለውን የበርሜሉን ጉሮሮ ቶሎ ይበላዋል። በትዕዛዝ የተሰራ በርሜል ውድ ነው። ብዙ የሚተኩስ ሰው ይህን ከፍጥነቱ አስቀድሞ ያስብ።

ታዲያ አክሊው ምን ይጠቅማል? ገላው የቀና፣ ትከሻው የቆመ ቀለሃ ሲተኮስ ብዙ አይረዝምም። በየጊዜው አንገቱን መቁረጥ ይቀንሳል፤ ቀለሃውም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ለእኔ ከ2 በመቶው ፍጥነት የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው።

6. ጥምዙንና ልኩን ለሰሪው ስጡት

በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር አረሩን ያሽከረክራል። አረሩ በረዘመ ቁጥር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። ለረጅም የ6.5 ሚሊ ሜትር አረር በ8 ኢንች አንድ ዙር የተለመደ ነው፤ ለ.30 ካሊበር በ10 ኢንች አንድ። በድሮው .22-250 በ14 ኢንች አንድ ነበር፤ ከባድ አረር በዚያ ላይ አይረጋጋም። በ1ኛው እርምጃ የጻፋችሁት አረር እዚህ ይመለሳል።

ከዚያ ባሩድም ፕራይመርም የሌለበት አንድ ጥይት አዘጋጁ። የመረጣችሁት አረር በምትፈልጉት ርዝመት ይቀመጥበት። ሰሪው ጉሮሮውን በዚያ ልክ ይቆርጣል፤ የጠመንጃው የጥይት መጋዘን ውስጥም ይገባ እንደሆነ ይሞክራል። በወሬ ከሚነገር ልኬት ይልቅ በእጅ የተያዘ ናሙና ይሻላል፤ በእኔም ስራ እንዲሁ ነው።

በርሜሉ ላይ የጥይቱ ሙሉ ስም ይቀረጽ። ጠመንጃው ነገ ለልጅ ወይም ለወንድም ሊተላለፍ ይችላል። «.30-06» ብቻ ተብሎ የተቀረጸ የአክሊ በርሜል የሚቀጥለውን ሰው ያሳስታል። የጥይት ሳጥኖቹም ላይ ያው ስም ይጻፍ።

የእኔ ምርጫ

በ12 ሚሊ ሜትር ቦልትና በረጅም አክሽን ለሚጀምር ሰው .30-06 አክሊ እመርጥለታለሁ። ወላጁ ሁሉም ቦታ አለ፤ ተራው ጥይትም ያገለግለዋል። ሜዳ ላይ የሚያድንና የጠመንጃው ምት ትከሻው ላይ ቀለል እንዲልለት የሚፈልግ 6.5-06ን ይይ፤ የአንገቱን ውፍረት ግን ይለካ። ጫካ ለሚያድን .35 ዌለን አለ። በ1922 ከ.30-06 አንገት ሰፍቶ የተወለደ ነው፤ ዛሬ መደበኛ ሆኗል።

ስልኩን ደውላችሁ ዳዩም፣ ቀለሃውም፣ መረጃውም ካልተሟላ ደግሞ ያንኑ በርሜል በወላጁ ጥይት አስቆርጡት። .30-06 ተብሎ የተቆረጠ በርሜል ኋላ ላይ በአክሊ ሪመር ሊሰፋ ይችላል፤ ሰሪው በርሜሉን ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ ማስገባት ብቻ ይጠበቅበታል።