ወደ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም እንዴት ይወጣል?

ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግንብን ሳያይ የሚመለስ የለም። እቴጌ ምንትዋብ ኮረብታ ላይ ያሠሩትን ግቢ፣ ቁስቋምን፣ ሳያይ የሚመለስ ግን ብዙ ነው፤ እኔን በጣም ይቆጨኛል። ከተማዋን ቁልቁል እያዩ ታሪኳን ማሰብ እዚያ ነው የሚያምረው።

ጠዋቱን ለፋሲል ግንብ ስጡት። ወደ ቁስቋም የምትወጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይሁን። ኮረብታው ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ጎንደርን ታበራላችኋለች። ጠዋት ከሄዳችሁ ግን ዓይናችሁን ትወጋችኋለች።

ከፒያሳ ባጃጅ ያዙ፤ የደርሶ መልስ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። በእግር እወጣለሁ ያለ ቀስ ይበል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቦታው ቤተ ክርስቲያንም ነው። ነጠላ ያዙ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። በጾም ቀን ቅዳሴ ዘግይቶ ስለሚገባ፣ በር ላይ ያገኛችኋቸውን አባት ጠይቁ። ፎቶም ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

ከዚያ ወደ እቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ዝለቁ። እዚህ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1730 ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር፤ መንግሥቱን የያዙት እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ይህን ግቢ አሠርተው፣ እመቤታችን በስደቷ ባረፈችበት በግብፁ ቁስቋም ስም ሰየሙት። አሁን ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀይ ድንጋይ ተጠርቦ የተሠሩ መስቀሎች አሉ፤ አቡነ ሳሙኤልም አንበሳቸው ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። በእጅ አትንኩ፤ ድንጋዩ ሲነካካ ያልቃል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ፈንጣጣ የያዛቸውን የእቴጌይቱን ቤተሰብ ያከመው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ዐፅማቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። መስታወት ባለው አንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሦስቱም አሉ፤ እቴጌይቱ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ። ኢያሱ በ1755 ሞቱ፤ ኢዮአስ በ1769 ተገደሉ፤ ምንትዋብ እስከ 1773 ቆዩ። የሁለቱንም ሞት አይተው ነው ያለፉት። እኔ እዚያ ሣጥን ፊት ስቆም ንግሥናቸው ይጠፋብኝና አንዲት አያት ብቻ ይታዩኛል።

ስትወጡ ከተማው ወደሚታይበት ጠርዝ ሂዱና ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዓይናችሁ ሲለምደው በዛፎቹ መሃል የፋሲልን ግንብ ማማዎች ትለያላችሁ። እቴጌይቱም ቤተ መንግሥቱን የሚያዩት ከዚሁ ኮረብታ ነበር። ሳይጨልም ውረዱ፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው።

በዓሉን ለማየት ካሰባችሁ ሕዳር 6 ነው፤ የጽጌ ጾም ያበቃና ቁስቋም ትነግሣለች። ያን ቀን መንገዱ በሰው ስለሚሞላ በሌሊት ተነሱ።