ለትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና አንጀትን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ፒያሳ አካባቢ የጋራ መጸዳጃ ቤት ባለበት ግቢ ለሚኖር ሰው ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከውሃ ነው። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ጀሪካኖቹን ቀድማችሁ ሙሉ፤ ጎረቤትም ይወቅ።

ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ምግብ ይለወጣል። ጾም የለመደ ሰው ይህ የሚከብደው አይመስለውም፤ ነገር ግን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ አንጀት ውስጥ ቅሪት የሚተዉ ናቸው። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላልና የተላጠ ድንች ይሻላሉ። በዋዜማው የተጠለለ መረቅ፣ ወተት የሌለው ሻይና ውሃ ብቻ። ቀይ ሥርና ከርከዴ ቀለማቸው ደም ስለሚመስል ይቅሩ።

የሚያስቀምጠው ዱቄት ብዙውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ነው፤ እስከ 4 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ጠጡት። ስኳር አትጨምሩበት፤ በኮሶ ወይም በጉሎ ዘይት ለመተካትም አታስቡ። ሆዱ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ አልወጣ ያለው ሰው አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠጣ ለሐኪሙ ይደውል። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ይናገር።

አሁን ወደሚዘነጋው እንምጣ፤ እርሱም የፀረ ባክቴሪያ እንክብሉ ነው። ሆዱ ከጸዳ በኋላ «ምን ቀረኝ?» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ሆኖም የአንጀት እጥበት ብቻውን የቁስል ኢንፌክሽንን ይቀንሳል ማለት አይቻልም፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ ጋር ሲጣመር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚታወቀው አሰጣጥ ኒዮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን በዋዜማው ሦስት ጊዜ ይዋጣሉ፤ በኤሪትሮማይሲን ፈንታ ሜትሮኒዳዞል የሚያዝዙም አሉ።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ 1፣ 2 እና 11 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። 11ን እንዳለ ወስዶ ከቀኑ 11 ሰዓት የዋጠ ሰው የመጨረሻውን መድኃኒት ስድስት ሰዓት አስቀደመው ማለት ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጡ ባለሙያው በእኛ ሰዓት፣ «ቀን» ወይም «ምሽት» ብሎ ይጻፍላችሁ። ከዋጣችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትድገሙት።

ማታ በሳሙና ታጠቡ። ሆዳችሁን ግን በምላጭ አትላጩ፤ ለዓይን የማይታይ ጭረት ለጀርም በር ይከፍታል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት ሆስፒታሉ በመቁረጫ ማሽን ያነሳዋል።

በደም ሥር የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። የፔኒሲሊን አለርጂ ካለባችሁ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ለሰመመን ባለሙያው ንገሩ፤ ካርዳችሁ ላይ ተጽፎ እንኳ ቢሆን።