የሳቸል ፔጅን አወራወር በጅማ ግቢ ውስጥ ለመለማመድ

አሜሪካዊው የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ ስሙ የገነነው በፍጥነቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስወረወረው ግን ኳሷን ያሰበው ቦታ ላይ ማሳረፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮች ተለይተው በሚጫወቱበት የጥቁሮች ሊግ ጀምሮ፣ በ1948 የክሊቭላንድ ቡድን ሲያስፈርመው 42 ዓመቱ ነበር። በ1965፣ በ59 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ ቡድን ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ስለዚህ ከፍጥነት አትጀምሩ።

የቤዝቦል ኳስ ካጣችሁ የካልሲ ኳስ ይበቃል። ጨርቁን አጥብቃችሁ በሲባጎ ጠምጥሙ፤ ዙሪያዋ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 145 ግራም አካባቢ ይሁን። ባለሱቁ ሚዛን ላይ ያስቀምጥላችሁ። ክብደት ልጨምር ብሎ መሀሏ ድንጋይ መክተት የያዡን ጥርስ ማርገፍ ነው።

ለዒላማ አሮጌ የቡና ጆንያ በሁለት የባህር ዛፍ አጣና መሀል ወጥሩ። 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ቁመቱ ከጉልበት እስከ ደረት፣ በከሰል አስምሩበት። የአዋቂ ርቀት 18.44 ሜትር ነው፤ እናንተ ከ12 ጀምሩ። ከአሥር ሰባቱ ከገባ አንድ ሜትር ወደ ኋላ። ፔጅ ሲያሟሙቅ ክብሪት መሬት ላይ አኑሮ በላዩ ያሳልፍ ነበር ይባላል።

ቀኝ እጅ የሆነ ግራ ትከሻውን ወደ ዒላማው አዙሮ ይቁም። ኳሷን በጣት ጫፍ ያዙ፣ መዳፍ አይንካት። ግራ እግር ወደፊት ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ክንድ መጨረሻ ይመጣል። ኳሷ ከጆንያው በላይ ከሄደች ቀድማችሁ ለቃችኋል፤ መሬት ከመታች ዘግይታችኋል።

የፔጅ መለያ «ማመንታቷ» ናት፦ እግሩ መሬት ይነካል፣ ክንዱ ግን ከኋላ ለቅጽበት ቆም ይላል። ኳሷን በዱላ ሊመታ የቆመው መቺ የፔጅን እግር አይቶ ዱላውን ቀድሞ ይወዘውዛል። በ1948 ክሊቭላንድ የሚጫወትበት የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ከለከላት። ስትሞክሯት ቆም የሚለው ክንድ ብቻ ይሁን፤ ዳሌም አብሮ ከቆመ ጉልበቱ ሁሉ ከክርን ይወጣል፣ ክርን ደግሞ አይችለውም። በቀን አምስቴ ይበቃል፤ ጠቅላላው ውርወራ ከ40 አይለፍ፣ በማግስቱ ዕረፍት።

ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ጫማ ሥር ይጋገራል፣ የሚረግጠው እግር ይንሸራተታል። 61 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከመሬት እኩል ቅበሩና እሱን ገፍታችሁ ተነሡ፤ እግር የሚያርፍበት ላይ ደረቅ አሸዋ አፍሱ። ውሃ የጠጣች ኳስ ከብዳ ክርን ስለምትጎዳ ሌላ ደረቅ ኳስ በተጠባባቂ ያዙ።